ኦሊምፒያኮስን አዲስ አበባ ላይ የገጠሙት ሰው

ባለፈው እሁድ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ብሎኮቹ መሀል ባለችው ክፍት ቦታ ላይ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ቆመን እያየን ነበር። አንደኛው ቀይና ነጭ መስመር ያለው ማሊያ ለብሷል። ደረቱ ላይ የቅጠል አክሊል የደፋ ወጣት ምስል አለበት። ማሊያው ከልባሽ ጨርቅ ተራ የተገዛ መሆኑ ያስታውቃል፣ ትከሻው እስከ ክርኑ ወርዷል። የማን ማሊያ እንደሆነ ስንጠይቀው አትሌቲኮ ማድሪድ ነው አለን፣ በሙሉ ልብ። ጓደኞቹም አጸደቁለት።

አይደለም። ኦሊምፒያኮስ ነው፣ የግሪኩ። ፒሬየስ በምትባል የወደብ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1925 የተመሠረተ ክለብ። ልጁ ብዙም አልገረመውም፣ ኳሷ መጣችና ሮጠ። እኛ ግን እዚያው ቆመን የቀረነው በሌላ ነገር ነው። እዚህ አዲስ አበባ ውስጥም አንድ ኦሊምፒያኮስ ነበረ። የከተማችን ግሪኮች ክለብ። ሀገራችን ውስጥ በተካሄደው የመጀመሪያ የክለቦች ሻምፒዮና ላይ ከተሰለፉት አምስት ቡድኖች አንዱ እሱ ነው። በዚያው ውድድር ከተቃራኒ ቡድን የተሰለፈ አንድ የ22 ዓመት አጥቂ ደግሞ ከዓመታት በኋላ የአፍሪካን እግር ኳስ 15 ዓመት በፕሬዝዳንትነት መርቷል።

ዛሬ የምናወራው ስለ እሱ ነው። ስለ ይድነቃቸው ተሰማ። ከእንግዲህ አንቱ እንላቸዋለን።

ስማቸውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ግን ሐቁን እንነጋገር፤ ከስሙ በላይ ምን እናውቃለን? የአርሰናልን የ2004 አሰላለፍ ከግብ ጠባቂው ጀምሮ የሚደረድር ሰው ሞልቷል (እኛም ራሳችን እንደረድራለን)፣ የአፍሪካ ዋንጫን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የእኛ ሰው መሆኑን ግን ከአስር ሁለቱም አይነግራችሁም። ስለዚህ ሻይ ቡናችሁን ያዙ፣ ረዘም ይላል።

የተወለዱት ጅማ ነው፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.። አዎ፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት። አባታቸው ደግሞ እንዲሁ የሚታለፉ ሰው አይደሉም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ጀርመን ሄደው የመኪና ሙያ ተምረው የመጡ፣ እዚያው በርሊን እያሉም ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በሸክላ የተቀዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ ተብለው የሚጠሩት። ቅኔያቸውና ቀልዳቸው እስከ ዛሬ ሽማግሌ አፍ ላይ አለ። እንግዲህ አስቡት፤ አባት በሙዚቃው ቀዳሚ፣ ልጅ በኳሱ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ታሪክ።

ልጁ አዲስ አበባ መጥቶ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገባ። ኳስ በዚያ ዘመን የትምህርት ቤት ልጆችና የውጭ ሀገር ሰዎች ጨዋታ ነበር። አብዛኛው የከተማ ሰው ገና ከገና ጨዋታና ከጉግስ አልወጣም። ኳስ ማባረር የዱርዬ ሥራ ነው የሚል ወላጅም አይጠፋም ነበር። እሱስ ዛሬም አልጠፋም።

አሁን ወደ ግሪኮቹ እንምጣ፣ ምክንያቱም ያለ እነሱ ይሄ ታሪክ ሙሉ አይሆንም።

የዚያን ጊዜዋ አዲስ አበባ ዛሬ ከምናስባት በላይ ድብልቅ ነበረች። ግሪኩ የመጣው በንግድና በባቡር ሐዲዱ ሥራ ነው። ከጅቡቲ ወደ ላይ ሐዲዱ እየተዘረጋ ሲመጣ እሱም አብሮ እየወጣ ድሬዳዋ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ደረሰ። ሱቅ ከፈተ፣ ሆቴል ከፈተ፣ አናጢና ግንበኛ ሆነ፣ ሐኪምም ሆነ። የአራዳውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ታውቁታላችሁ አይደል? የዚያ ሕንፃ ግንባታ ሲነሳ ከጣሊያናዊው ካስታኛ ጋር ስሙ የሚጠራው ኦርፋኒዲስ ግሪክ ነው። አርመኑም እንዲሁ በወርቅ አንጥረኛነቱ፣ በፎቶግራፉ፣ በሙዚቃው ገባ። ከኢየሩሳሌም የመጡትን የአርባ ልጆች ኦርኬስትራ ያስታውሷል። እነዚህ ሰዎች በሰው ሀገር ሲኖሩ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ ክበብ ያቋቁማሉ። ክበብ ካለ ደግሞ ኳስ አለ።

ከአራዳ ልጆች ጋር አብሮ የሚውል አንድ የግሪክ ዘር ያለው ወጣት ነበር፣ ጆርጅ ዱካስ ይባላል። ጓደኛው አየለ አትናሽ። በ1928 ዓ.ም. ሁለቱ ሆነው አንድ ክለብ አቋቋሙ፣ ስሙንም ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲባል ሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው የሀበሻው ቡድን፣ በጣሊያን ፊት የቆመው፣ የአርበኛ ክለብ የሚለው ነው። ትክክል ነው፣ ነበር። ግን ከሁለቱ መሥራቾች የአንዱ ዘር ግሪክ ነው። ይሄን ስንናገር አንዳንድ የክለቡ ደጋፊ ቅር ይለዋል፣ እኛ ግን ቅር የሚያሰኝ ነገር አይታየንም። እንዲያውም በጣም የአራዳ ነገር ነው። አራዳ ላይ ማን ከማን ዘር እንደሆነ ሳይሆን ማን ኳስ እንዳለው ነው የሚታየው።

ዓመቱን ልብ በሉት ግን። 1928። ጣሊያን ጦርነቱን ከጀመረ ወራት አልፈዋል፣ ሰሜኑ እየነደደ ነው። በዚያ ወቅት ነው እነዚህ ልጆች ክለብ የመሠረቱት። የ14 ዓመቱ ይድነቃቸውም ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች ጋር ተቀላቀለ። ብዙም ሳይቆይ ሚያዝያ 27 ቀን ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ዓመታት ለኳሱ እንግዳ ዓመታት ናቸው። ጣሊያን ኳስን አልከለከለም። ይልቅ በዘር ከፈለው። ነጭ ከነጭ፣ ሀበሻ ከሀበሻ። የሁለቱ ቡድኖች አንድ ሜዳ ላይ መግጠም የማይታሰብ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሀበሻ ጣሊያንን ሁለት ለዜሮ ቢያሸንፈውስ? የበላይ ዘር ነኝ ያለ ሰው በ90 ደቂቃ ሊዋረድ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ስሙን ተቀማ፣ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። ሊቶሪዮ የፋሺስቶች መጠሪያ ነው፣ ውቤ ሰፈር ደግሞ የኛው ውቤ ሰፈር። ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጥ በራሱ ቀልድ ይመስላል። ልጆቹ ግን በዚያም ስም ቢሆን መጫወታቸውን አላቆሙም። ይድነቃቸው በዚያን ጊዜ የጣሊያንኛ ትምህርት ቤት ገብቶ ተምሯል፣ ቋንቋውም በኋላ ጠቅሞታል።

በ1933 ሀገሪቱ ነፃ ወጣች። ስሙም ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ ነው እንግዲህ ነገሩ የሚያምረው። ይድነቃቸው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሆነው የስፖርት ጽሕፈት ቤት እንዲቋቋም ከሮጡት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ሆኑ። የእግር ኳስ ፌዴሬሽናችን ትውልዱ ከዚሁ ጊዜ ነው፣ እ.ኤ.አ. 1943። ዕድሜያችንን እያሰብን ትንሽ አፈርን። እኛ በ22 ዓመታችን ያቋቋምነው ነገር ቢኖር ይሄን ገጽ ነው።

በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተካሄደ። አምስት ቡድን። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ ፎርቲቱዶ ከተማ ውስጥ የቀሩት ጣሊያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሊምፒያኮስ የግሪኮች፣ አምስተኛው ደግሞ ሠራዊታችንን ለማሠልጠን የመጣው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን፣ በምህጻሩ ቢ.ኤም.ኤም.ኢ.። ስሞቹን ተመልከቱልን። አንዱ በሰማዕት፣ አንዱ በላቲን ጥንካሬ ማለት በሆነ ቃል፣ አንዱ በናፍቆት ተራራው፣ አንዱ በኦሊምፒያ። እንግሊዞቹ ብቻ የመሥሪያ ቤታቸውን ደብዳቤ ራስጌ ይዘው ነው የገቡት። ዋንጫውን የበሉትም እነሱ ናቸው።

ማን አሸነፈ የሚለው ግን ለእኛ ዋናው ነገር አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት ሀበሻና ነጭ አንድ ሜዳ ላይ መግጠም የማይታሰብባት ከተማ ናት። አሁን በዚያችው ከተማ አምስት ዓይነት ሰው በአንድ ሕግና በአንድ ሰንጠረዥ ይጫወታል። ጣሊያኑ ትናንት ገዥ ነበር፣ ዛሬ ከሀበሻው ጋር እኩል ሦስተኛና አራተኛ ለመውጣት ይታገላል። ግሪኩና አርመኑ ደግሞ ወራሪም ወታደርም አይደሉም፣ ጎረቤት ናቸው። የኦሊምፒያኮስ ተከላካይ ቅዳሜ ሱቅ ውስጥ ስኳር የመዘነልህ ሰው ሊሆን ይችላል። እሁድ ግን ቁርጭምጭሚትህን ይጠልዝሃል። ደርቢ ማለት ይሄ ነው፣ በቃ።

የማኅበረሰብ ክለቦች ዘመን ግን ብዙ አልዘለቀም። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ የሻምፒዮኖቹን ዝርዝር ስታዩ ቀይ ባሕር፣ የጦር ሠራዊቱ ቡድን፣ ሐማሴን፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሳው በ1942 ነው። ይድነቃቸው ያኔም እየተጫወቱ ነበር። በአጠቃላይ ለአንድ ክለብ 23 ዓመት ተሰልፈዋል። በስማቸው የተመዘገበው 365 ጨዋታና 318 ጎል ነው። እንደገና አንብቡት። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት። ለብሔራዊ ቡድኑ ደግሞ 15 ጊዜ።

ያ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በኅዳር 1940 ነው። ተጋጣሚው የዛሬዋ ጅቡቲ ነበረች፣ ያኔ የፈረንሳይ ሶማሌላንድ የምትባለው። 5 ለ 0 አሸነፍን። (እንዲህ ያለ ውጤት ለመጨረሻ ጊዜ ያየነው መቼ ነው? ተዉት፣ አንጀት አታሳርሩን።)

አንድ ነገር ደግሞ ሳንሸፍን እንናገር። ተጫዋች ሆኖ ፌዴሬሽን ውስጥ መሥራት፣ ፌዴሬሽን ውስጥ ሆኖ ብሔራዊ ቡድን ማሠልጠን፣ ዛሬ ቢሆን በአንድ ቀን መቶ ፖስት የሚወጣበት ጉዳይ ነው። ልክም ነው። የራሱን ጨዋታ የሚዳኝ ቤት ያሰኛል። ያኔ ግን ሥራው ከሠራተኛው ይበልጥ ነበር። ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች ጥቂት ስለነበሩ እሳቸው ያልገቡበት ጓዳ አልነበረም። ያም ሆኖ ሁሉን ነገር አንድ ሰው ትከሻ ላይ መጫን የኳሳችን የቆየ በሽታ ነው ብለን እናምናለን፣ ሰውየው ትልቅ ስለሆኑ በሽታው ጤና አይሆንም።

ወደ ካርቱም እንሂድ። የካቲት 1949 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. 1957። በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ የሚበር አውሮፕላን የሚነሳው ከዚሁ ከኛው ከልደታ ነበር። ቦሌ ገና አልተሠራም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገውም ከልደታ ሜዳ ነው። ኦልድ ኤርፖርት እያልን የምንጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው፣ ለማያውቅ።

ካርቱም ላይ የአራት ሀገር ሰዎች ተቀመጡ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ይድነቃቸው በኢትዮጵያ በኩል ነበሩ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ዛሬ ካፍ የምንለው፣ እዚያ ተመሠረተ። በዚያው ሳምንት የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተጀመረ። ፕሮግራሙ ቀላል ነበር፣ አራት ቡድን፣ ሁለት ግማሽ ፍጻሜ፣ አንድ ፍጻሜ። የኢትዮጵያ ተጋጣሚ ደቡብ አፍሪካ ነበረች።

ደቡብ አፍሪካ ግን የአፓርታይድ ሀገር ናት። ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን ለማምጣት ፈቃደኛ አልሆነችም። ሦስቱ ሀገራት እንግዲያው ቅሪ አሏት። አስቡት እስቲ፣ ካፍ ገና የቀናት ዕድሜ ነው ያለው፣ አባሉ አራት ብቻ ነው፣ ከአራቱ አንዱን አስወጥቶ በሦስት ቀረ። ፊፋ እንኳ በዚያን ጊዜ ይሄን ለመወሰን ድፍረት አልነበረውም። ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተብሎ ለተጫወተ ሰው፣ በዘር በተከፈለ ሜዳ ላደገ ሰው፣ ይሄ ጉዳይ የወረቀት ጉዳይ አልነበረም ብለን ብንገምት አንሳሳትም።

ኢትዮጵያ ሳትጫወት ፍጻሜ ገባች። ፍጻሜው ላይ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው። ይሄ ሰው በኋላ ዳኛ ሆኖ በ1968 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተካሄደውን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ መርቷል። አዲስ አበባ ሰው ቂም አይዝም ማለት ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ሒሳቡ ተወራረደ።

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ፣ አዲስ አበባ፣ ጥር 1954 ዓ.ም.። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ከአሥመራ፣ አባቱ ጣሊያናዊ እናቱ ኤርትራዊት። ወንድሙ ኢታሎም አለ። መንግሥቱ ወርቁ አለ፣ ገና ወጣት። ግርማ ተክሌ አለ። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፉ። ፍጻሜው እሁድ ጥር 13 ቀን ዋለ፣ ከጥምቀት ሁለት ቀን በኋላ ማለት ነው። ከተማው ገና ከበዓሉ አልወረደም። ተጋጣሚዋ ያቺው ግብፅ፣ ያኔ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ የምትባለው፣ የሁለት ተከታታይ ዋንጫ ባለቤት።

ግብፆች በ35ኛው ደቂቃ አገቡ። እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ እንደዚያው ቆየ። ከዚያ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ስታዲየሙ ጮኾ ሳይጨርስ፣ ደቂቃ ሳይሞላ ማለት ይቻላል፣ ግብፆች እንደገና አገቡ። 2 ለ 1። በቤትህ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት፣ ጥምቀት ሰሞን፣ 15 ደቂቃ ቀርቶህ እየተመራህ። ብዙ ቡድን እዚህ ላይ ያበቃለታል። በ84ኛው ደቂቃ ሉቺያኖ አቻ አደረገ። ተጨማሪ ሰዓት። በ101ኛው ኢታሎ አገባ። በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ ዘጋው። 4 ለ 2።

ዋንጫውን ንጉሠ ነገሥቱ ለሉቺያኖ ሰጡ። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነች፣ ለመጀመሪያና እስካሁንም ለመጨረሻ ጊዜ። ያንን ቡድን ስሙን ብቻ ብታነቡት የ1936ቱ ሜዳ ትዝ ይላችኋል። ያኔ ጣሊያኑ ለብቻ፣ ግሪኩ ለብቻ፣ ሀበሻው ለብቻ ነበር የተሰለፈው። አሁን ሉቺያኖና ግርማ በአንድ ማሊያ ናቸው። አሠልጣኙ ሁለቱንም ሜዳ የሚያውቁ ሰው።

ብዙ ሰው የይድነቃቸውን ታሪክ እዚህ ዋንጫ ላይ ይጨርሰዋል። እኛ ግን ትልቁ ሥራቸው ከዚህ በኋላ ይመጣል ባይ ነን፣ እሱም ያለ ኳስ የተሠራ ነው።

የ1966ቱን የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ሲያዘጋጅ ከ16ቱ ቦታ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጋራ የሰጠው አንድ ብቻ ነበር። አንድ። የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያና ከኦሺኒያው አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ ከተሳካለት ይሄዳል፣ ካልተሳካለት አፍሪካ ቴሌቪዥን ታያለች። የጋናው ኦሄኔ ጃንና የእኛው ይድነቃቸው ይሄን አንቀበልም ብለው ተነሱ። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን መልሶ ለማቀፍ ያደረገው ሙከራም አንገፍግፏቸው ነበር። ውጤቱ የአፍሪካ ሀገራት በሙሉ ከማጣሪያው መውጣት ሆነ። የ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ያለ አፍሪካ ተካሄደ።

ያኔ ብዙ አውሮፓዊ ሳቀ። አፍሪካ ቀረች አልቀረች ለማን ግድ ይለዋል ተባለ። በሚቀጥለው የዓለም ዋንጫ ግን፣ ሜክሲኮ 1970፣ ለአፍሪካ አንድ የራሷ ቦታ ተሰጣት። ሞሮኮ ሄደች። ሞሮኮ ኳታር ላይ ግማሽ ፍጻሜ ስትገባ አደባባይ የጨፈራችሁ ሁሉ፣ የበሩ ቁልፍ ከየት እንደተገኘ አሁን አወቃችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1972 ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዝዳንት ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፊፋን ለ13 ዓመት የመሩት እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ በብራዚላዊው ሃቨላንዥ ተሸነፉ። የአፍሪካ ድምፅ ሚዛኑን ደፋ። ደቡብ አፍሪካ በ1976 ሞንትሪያል ላይ ከፊፋ ጨርሳ ተባረረች። ካርቱም ላይ በሦስት ሀገር የተጀመረ ነገር ዓለም እስኪቀበለው 19 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ በየጉባኤው እየተነሱ ያንኑ ነገር መድገም፣ ያንኑ ደብዳቤ መጻፍ፣ ያንኑ ፊት መጥቆር መቻል። ጎል ከማግባት ይልቅ ይሄ ይከብዳል መሰለን።

ሁሉም አቋማቸው ግን ዛሬ ሁሉን ያስማማል ማለት አይደለም። የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸው በጣም ያሳስባቸው ነበር። ካፍ ከ1965 ጀምሮ አንድ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ከሁለት በላይ በውጭ የሚጫወት ሰው እንዳያሰልፍ የሚል ሕግ ነበረው። እስከ 1982 ድረስ ቆይቷል። ሐሳቡ ኮከቦቹ ከሄዱ የሀገር ውስጥ ሊጎች ባዶ ይቀራሉ ነው። እኛ ስንከራከርበት ሁለት ሆነን ተከፈልን። ግማሾቻችን ሕጉ የልጆቹን እንጀራ የሚዘጋ ነው አልን። ግማሾቻችን ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ልደታ ያሉትን የዲኤስቲቪ ቤቶች ቆጥረን፣ የኛን ሊግ የሚያይ ሰው ደግሞ ቆጥረን፣ ሰውየው የፈሩት ይሄንኑ ነው አልን። አልተስማማንም። እንደዚያው ተውነው።

እዚህ ሀገር ውስጥ መንግሥት ተለወጠ፣ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ። እሳቸው ካፍን መምራታቸውን ቀጠሉ። ግሪኮቹና አርመኖቹ ግን አብዛኞቹ የቀጠሉ አይደሉም። ንግድና ቤት ሲወረስ ብዙዎቹ እዚሁ የተወለዱበትን ሀገር ጥለው ወጡ። አቴንስ የገቡት ከልጅነት ጓደኞቻቸው ጋር በአማርኛ የሚቀልዱ ግሪኮች ሆነው ነው። የግሪክ ትምህርት ቤቱ አሁንም አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑም አለ። ኦሊምፒያኮስ የሚል ስም ያለው ቡድን በሊጋችን ሰንጠረዥ ላይ ካየን ግን ዘመን ሆነው።

ይድነቃቸው ተሰማ በካንሰር ታመው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ፣ በ65 ዓመታቸው። ቀኑን ቁጠሩት፣ ቡሄ ነው። በእንቁጣጣሽ ተወልደው በቡሄ ሄዱ። ሲሞቱም የካፍ ፕሬዝዳንት ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ 31 ዓመት ጠበቀች፣ ካሜሩን ላይ የተካሄደው ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ ታየች። ባለፉት ዓመታት ካፍ ያጸደቀው ስታዲየም ስለሌለን ዋልያዎቹ የሜዳችን ጨዋታ የሚሉትን በሰው ሀገር ሲጫወቱ ከርመዋል። ካፍን ከመሠረቱት ሀገራት አንዷ፣ ካፍ በሚያወጣው መስፈርት የራሷ ሜዳ ላይ መጫወት አቃታት። ይሄን ስንጽፍ እጃችን ከበደን። የስታዲየም እድሳት ዜና በየዓመቱ እንሠራለን፣ እናንተም በየዓመቱ ላይክ ታደርጋላችሁ፣ ልጆቹ ደግሞ ኮንዶሚኒየም መሀል ይጫወታሉ።

ማሊያ ለባሹን ልጅ ትናንት እንደገና አገኘነው። ስልካችንን አውጥተን የይድነቃቸውን የድሮ ፎቶ አሳየነው፣ ጥቁርና ነጩን። የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ምን ቦታ ነበር የሚጫወተው? አጥቂ አልነው። ስንት ጎል እንዳገባ ስንነግረው ውሸታሞች ናችሁ ብሎ ሳቀብን።

በነገራችን ላይ የድሮውን የአዲስ አበባ ኦሊምፒያኮስ፣ የአራራትን ወይም የፎርቲቱዶን ፎቶ በአያት አልበም ውስጥ ያገኛችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን። በጀርባው የተጻፈ ስም ወይም ቀን ካለ የጀርባውንም አንሱት።